ከሞተር ሳይክል የተፈታ ኦርጅናል ዕቃ፦ ይቀመጥ ወይስ ይሸጥ?

ሞተር ሳይክሉን በሌላ አምራች ዕቃ ያሻሻለ ሰው ሁሉ፣ የአዲሱ ዕቃ ደስታ ገና ሳይበርድ፣ ወለል ላይ ከተደረደሩት ኦርጅናል ማርሚታ፣ ስፖኪዮና ፓራፋንጎ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ዕቃዎቹ አልተሰበሩም፣ አላረጁም፤ ለጊዜው ግን ሥራ የላቸውም። አንዳንዱ በዚያው ሳምንት በተገኘው ዋጋ ይሸጣቸዋል፤ ሌላው ምድር ቤት ጥግ ላይ ይከምራቸውና ይረሳቸዋል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰብባቸው የሚደረጉ ናቸው፤ ጥፋቱ የሚታወቀውም ከዓመታት በኋላ፣ ዕቃው በተፈለገበት ቀን ነው።

ምሳሌ የማደርገው ራሴ የምነዳውን ያማሃ ኤፍዜድ-07ን ነው። ይህ ባለሁለት ሲሊንደር፣ 689 ሲሲ ሞተር ሳይክል ወደ አሜሪካ የገባው በ2015 ሞዴል ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ እንደ ሌላው ዓለም ኤምቲ-07 ተብሏል። ሞተሩ እጅግ የሚወደድ፣ ዋጋው የሚቀመስ፣ ሞላዎቹ ግን የላሉ በመሆናቸው፣ ሳይነካ እንደ ነበረ የሚነዳው ባለቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ሞዴል የተፈታ ኦርጅናል ዕቃ ገበያው ላይ እንደ ልብ ይገኛል፤ የመሸጥና የማስቀመጥ ጥያቄም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን ባሉበት በዋሽንግተን ዙሪያ በመሆኑ፣ ስለ ሕግ የማነሳውም በአብዛኛው የዚህን አካባቢ ነው።

ሲሸጡት የሚያገኙት፣ ሲፈልጉት የሚከፍሉት

ነገሩን የሚወስነው የሁለት ዋጋዎች ልዩነት ነው። አንደኛው ዕቃውን ዛሬ ሲሸጡ የሚያገኙት ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ነገ መልሰው ሲፈልጉ የሚያወጡት ነው። በተወዳጅ ሞዴል ላይ እነዚህ ሁለቱ እጅግ ይራራቃሉ፤ ምክንያቱም ማርሚታውን የሚፈታው ብዙ፣ የሚፈልገው ግን ማርሚታው በአደጋ የተጨፈለቀበት ጥቂት ሰው ብቻ ነው። አዲሱን ከወኪል ለመግዛት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ሞተሩን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት ኦርጅናል ማርሚታውን ለአንድ የወደቀ ሰው በሰባ ዶላር ሸጥኩለት፤ ቦታ የያዘብኝን ነገር በመገላገሌም ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቼ ሞተሩን ወደ ቀድሞው ይዞታው መመለስ ሲያስፈልገኝ፣ ያገኘሁት ደህና ማርሚታ ሁለት ግዛቶች ርቆ ነበር፤ የሻጩ ዋጋና የማጓጓዣው ተደምሮ ከሸጥኩበት ከሦስት እጥፍ በላይ ወጣብኝ። የዚህ ሞዴል ማርሚታ ከሞተሩ አፍ እስከ ጭስ መውጫው ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ ነው፤ ትልቅና ቅርጹ የማይመች ስለሆነ ለማጓጓዝ ውድ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ነገር በተቃራኒው ነው የሚያውቀው። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ ይጨምራል፤ ከሌላ ተሽከርካሪ የተፈታ ኦርጅናል ዕቃ ከአዲስ አስመስሎ ከተሠራ ዕቃ የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሻጭም ገዢም ዋጋውን ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሞዴሉ አዲስ እስከሆነ ድረስ ኦርጅናል ዕቃ ርካሽ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የተፈቱት ይጣላሉ፣ የተገጠሙት ይዝጋሉ፣ ፋብሪካውም ማምረቱን ያቆማል። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 የነበሩት አራት ማርሚታዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በዘመኑ ብዙ ባለቤቶች እነሱን አውልቀው አራቱን ቧንቧ ወደ አንድ የሚያገናኝ ቀለል ያለ ማርሚታ ገጥመው ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ኦርጅናል ማርሚታዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣሉ። ይህን ስል ግን ማንም ሰው የኤፍዜድ-07 ማርሚታን እንደ ሀብት ይቆልፍበት ማለቴ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ለማለት የፈለግሁት ዛሬ ያለው ርካሽነት ዘላቂ አለመሆኑን ነው።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕግ ወይም የተሽከርካሪ መርማሪ ይህን ዕቃ መልሼ እንድገጥም ሊያስገድደኝ ይችላል? ዕቃው የሚገጥመው ለዚህ ሞዴል ብቻ ነው? ብወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረው ይህ ነው? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለሦስቱም «አይደለም» ከሆነ ያለ ጸጸት ይሸጥ።

ማርሚታ

ጭስ ማውጫው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም ሕግ ያለበት እሱ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ ማጣሪያ መሣሪያን ከተሽከርካሪ ላይ ማንሳትን ይከለክላል። የኤፍዜድ-07 ማጣሪያ፣ ማለትም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ በዚያ አንድ ወጥ ቧንቧ ውስጥ ስላለ፣ ሙሉ ማርሚታ የሚቀይር ሰው ማጣሪያውንም አብሮ ያነሳል። ከ1986 ሞዴል ወዲህ የተሠሩ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ድምፅ በፌዴራል ደረጃ በ80 ዴሲቤል የተገደበ ነው፤ ይህን ማሟላቱን የሚገልጸው ማኅተም የሚገኘውም በኦርጅናሉ ማርሚታ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ በተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ማኅተም እንዲኖር በሕግ ትጠይቃለች።

በእኛ አካባቢ ቨርጂኒያ ሞተር ሳይክልን በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታስደርጋለች፤ ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ተሸጦ በአዲስ ባለቤት ስም ሲመዘገብ ምርመራ ትጠይቃለች። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ ተሻግሮ የሚሸጥ ወይም ቤት የሚቀይር ሰው፣ ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው ማርሚታ በአንድ ቀን ሊያስቸግረው ይችላል። አውሮፓ ያሉ ወገኖች ጉዳይ ከዚህም የጠበቀ ነው። በጀርመን በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ፣ ፈቃድ የሌለው ዕቃ የተገጠመበት ሞተር ሳይክል ከመንገድ እስከ መታገድ ሊደርስ ይችላል፤ በብሪታንያም «ለመንገድ አይውልም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማርሚታ ዓመታዊውን ምርመራ አያልፍም። በእነዚህ አገሮች ለሚኖር ሰው ኦርጅናሉን መሸጥ ከጅምሩ የሚመከር አይደለም።

ማርሚታውን ለብረቱ ሲሉ መሸጥን በተለይ እቃወማለሁ። በማጣሪያው ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ፣ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች ዋጋ ይሰጡታል፤ ሰባ ዶላርም ሆነ ከዚያ በላይ። ነገር ግን ያ ማርሚታ ከተቆረጠ በኋላ ለማንም አይመለስም፤ ሞተሩን በወጉ ለመመለስ የሚችለውን ብቸኛ ዕቃም ይዞ ይሄዳል። ደህና ማርሚታ የሚሸጥ ሰው ለሚገጥመው ሰው ይሽጠው።

የጫፉን ማርሚታ ብቻ የቀየረና ማጣሪያው መካከለኛው ቧንቧ ላይ የቀረለት ባለሞተር፣ በሌሎች ሞዴሎች ላይ እንደሚሆነው፣ ሸክሙ ይቀልለታል። እሱም ቢሆን የድምፁ ማኅተም ያለበትን ጫፍ እንዲያስቀምጥ እመክረዋለሁ፤ ትንሽ ናትና ቦታ አትፈጅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የሚረሱት ነገር አለ። ማርሚታ ሲቀየር በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ከአሮጌው ወጥቶ ወደ አዲሱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ የተሸጠው ማርሚታ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሴንሰር ነው የሚሄደው። ሲሸጡ ይህን በግልጽ ይጻፉ፤ ሲገዙ ይጠይቁ። ከዚሁ ጋር፣ ለአዲሱ ማርሚታ ተብሎ የሞተሩ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ተስተካክሎ ከሆነ፣ ኦርጅናሉ ማርሚታ ሲመለስ ፕሮግራሙም አብሮ መመለስ አለበት፤ ካልሆነ የነዳጁና የአየሩ ሚዛን ይዛባል። ፕሮግራሙን ያስተካከለው ባለሙያ የፋብሪካውን ቅጂ መያዙን በሥራው ዕለት ማረጋገጥ ይገባል።

አሞርዛተርና ሞላ

የኋላ አሞርዛተር ኦርጅናሉን የማስቀምጠው ከሕግ በተለየ ምክንያት ነው። ጥሩ አሞርዛተር በየጊዜው ተፈትቶ ዘይቱና ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሽጉት የውስጥ ጎማዎቹ ይለወጣሉ፤ ለዚህም ወደ ባለሙያው ተልኮ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሞተር ሳይክል ያለ ኋላ አሞርዛተር በጎማው ላይ ሊቆም አይችልም፤ ኦርጅናሉ ካለ ግን በአንድ ሰዓት ይገጠምና መንዳት ይቀጥላል። ይህ ብቻውን የሳጥን ቦታ ይገባዋል።

የፊት ሹካ ሞላዎች ግን ሌላ ናቸው። ከሞተሩ ጋር የመጡት ቀጭን ሞላዎች የሚስማሙት ቀለል ላለ ነጂ ሲሆን፣ ከበድ ያለ ሰው እነሱን አውጥቶ ጠንካራ ያስገባል። የወጡትን የሚገዛ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ኦርጅናሉ በእያንዳንዱ ሞተር ውስጥ አለና። ነገር ግን ሁለት ቀጭን ሞላዎች ከአንድ ጥግ በላይ አይፈልጉም። ዘይት ቀብቶ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አብረዋቸው የነበሩትን ቁርጥራጭ ቧንቧዎች ጨምሮ ማኖር ነው። ምናልባት ቀጣዩ ገዢ ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን ወጣት ብትሆን፣ ሞተሩን ለእሷ ተስማሚ የሚያደርጉት እነዚያው ሞላዎች ናቸው።

ሲወድቅ የሚሰበሩ ዕቃዎች

የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች፣ ስፖኪዮ፣ የእግር መርገጫና መሪ ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጎዱ ናቸው። ቆሞ እንኳ በስህተት ቢወድቅ፣ የፍሪሲዮን መያዣ ይሰበራል። ስለዚህ የእነዚህን ኦርጅናል መሸጥ ዋጋ የለውም የምለው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን መያዣዎች ሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ለማጓጓዣ ካርቶን እንኳ ብዙ አይተርፍም። በተቃራኒው ቤት ውስጥ ያለ ኦርጅናል መያዣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የተሰበረውን እሑድ ጠዋት ተክቶ ሰኞ ወደ ሥራ ያደርሳል። እንዲያውም ረጅም ጉዞ ስሄድ ኦርጅናሉን የፍሪሲዮን መያዣ መቀመጫዬ ሥር ይዤ እሄዳለሁ።

ስለ ስፖኪዮ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ብሎን አበላሽቶበታል። በብዙ የያማሃ ሞተሮች ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ ለመፍታት ወደ ተለመደው ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ከሌላ አምራች የተገዛ ስፖኪዮ ሲገጠም ማስተካከያ ቁራጭ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኦርጅናሉን ለሆንዳ ባለቤት የሚሸጥ ሰውም ይህን ካልነገረው ገዢው ይከፋል።

ኋላ ያለው ረጅም ፓራፋንጎ፣ ታርጋ መያዣውና ፍሬቻዎቹ መልክ ስለማይሰጡ ቶሎ ይነሳሉ። እነዚህን ማስቀመጥ እንጂ መሸጥ አይመከርም፤ በምርመራ ጊዜ ታርጋው የሚታይበት ቦታና የፍሬቻው ብርሃን ይታያልና። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከመፍታት በፊት ነው፤ የፋብሪካውን ገመድ መቁረጥ የለብዎትም። በመካከል የሚገባ ማገናኛ ገዝቶ መጠቀም ጥቂት ዶላር ያስወጣል፤ የተቆረጠ ገመድ ግን ኦርጅናሉን ዕቃ ቢኖርዎት እንኳ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ፍሬቻው ወደ ኤልኢዲ ከተቀየረና የብልጭታውን ፍጥነት ለማስተካከል ሪሌው (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ማብሪያ) ከተለወጠ፣ ያቺን ትንሽ ኦርጅናል ሪሌ ከፍሬቻዎቹ ጋር በአንድ ከረጢት ማሰር ይገባል፤ ብቻዋን ስትሆን የምትጠፋ ዕቃ ናት።

መሸጥ የሚሻልበት ጊዜ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ ማስቀመጥ ያደላ ቢመስልም፣ መሸጡ ትክክል የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሞተሩ ታርጋው ተመልሶ ለውድድር ሜዳ ብቻ ከዋለ፣ ኦርጅናል መብራት፣ ፍሬቻና ፓራፋንጎ ባለቤቱን አይጠቅሙም፤ አንድ የወደቀ ሰው ግን በደስታ ይገዛቸዋል። ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ለሚኖርና ዕቃ ማከራያ ቦታ ለሚከፍል ሰውም ሒሳቡ ይለያል፤ ለማርሚታ ብሎ ወርሃዊ ኪራይ መክፈል በዓመት ውስጥ የዕቃውን ዋጋ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃውን ግቢ ያለው ወዳጅ ዘንድ ማስቀመጥ ካልቻለ፣ ትልልቆቹን ሸጦ ትንንሾቹን ብቻ ቢያስቀር ይሻለዋል።

የሚያልቁ ዕቃዎች ደግሞ ከዚህ ጥያቄ ውጭ ናቸው። ያገለገለ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ጎማ አይቀመጡም፣ ለሌላም አይሸጡም፤ ይጣላሉ።

ለመሸጥ ከተወሰነ ጊዜው አሁን ነው፤ ሞዴሉ ገና መንገድ ላይ በብዛት ሳለና ጸደይ ሲገባ፣ ነጂዎች ከክረምት እረፍት ወጥተው መውደቅ ሲጀምሩ ፈላጊ ይገኛል። ዕቃውን ከነ ሙሉ ብሎኑና ማሰሪያው መሸጥ ከዋጋው ይልቅ ለእምነት ይረዳል። የትኛው ዓመት ሞዴል እንደሚገጥመው በግልጽ መጻፍም አስፈላጊ ነው፤ ኤፍዜድ-07 በ2018 ኤምቲ-07 ሲባል የፊት መብራቱና የላይ ልብሱ ስለተለወጠ፣ የ2016 ፕላስቲክ ለ2019 አይሆንም። ኢትዮጵያ ላሉ ዘመዶች ልላክላቸው የሚሉም አጋጥመውኛል፤ የ689 ሲሲ ያማሃ ማርሚታ ወይም አሞርዛተር እዚያ በብዛት ለሚነዳው ቦክሰር ስለማይገጥም፣ የማጓጓዣው ወጪ ከንቱ ነው።

ሞተሩን ራሱን ሲሸጡ

ኦርጅናል ዕቃ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው በዚህ ቀን ነው። ያገለገለ ሞተር ገዢ፣ በተለይም የመጀመሪያ ሞተሩን የሚገዛ ሰው፣ ማንም ያልነካካውን ይመርጣል፤ የተሻሻለን ሞተር ሲያይ በኃይል ተነድቷል ብሎ ይጠረጥራል። ለማሻሻያ የወጣውም ገንዘብ በሞተሩ ዋጋ ላይ ከጥቂቱ በስተቀር አይጨመርም። ስለዚህ ኦርጅናሉን ያስቀመጠ ሰው ሞተሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ፣ የገዛቸውን ዕቃዎች ለየብቻ ለሚፈልጋቸው ይሸጣል፤ በአጠቃላይ የሚያገኘው ከፍ ይላል። ለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራና አዲስ የማርሚታ ጋስኬት ያስፈልጋል። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ ሞተሩን እንደ ተሻሻለ አቅርቦ ኦርጅናሎቹን በሳጥን ጨምሮ ቢሰጥ፣ ከሌላ ግዛት ለሚመጣና ምርመራ ለሚጠብቀው ገዢ ትልቅ ውለታ ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለ ፋብሪካ ዋስትና ደግሞ፣ በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ አምራቹ ሌላ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን እንዳይነፍግ ይጠብቃል፤ ጉዳቱ የመጣው ከተገጠመው ዕቃ መሆኑ መታየት አለበት። ስለዚህ ወደ ወኪሉ ከመሄድ በፊት ኦርጅናሉን ገጥሞ ማሻሻያውን መደበቅ አያስፈልግም፤ ጉዳቱን ያመጣው ማሻሻያው ከሆነ ደግሞ መደበቁ ማታለል ነው፣ አልመክረውም።

አቀማመጥ

ዕቃው ተቀምጦ ከተበላሸ መሸጥ ይሻል ነበር። ማርሚታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ውጭውን በቀጭን ዘይት መጥረግ፣ አፎቹን ደግሞ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ መክደን ያስፈልጋል፤ ክፍት የተተወ ቧንቧ ውስጥ እርጥበትና አይጥ ይገባሉ። ካርቶኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቀጥታ አይቀመጥ፤ እንጨት ከሥሩ ይደረግለት። ፕላስቲኮቹ ከፀሐይ ርቀው፣ ሳይደራረቡና ሳይጎብጡ፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልለው ቢቀመጡ ቀለማቸው አይለወጥም። መቀመጫው ደግሞ ከላዩ ምንም ዕቃ አይጫንበት፤ ስፖንጁ ይጠፈጠፋል።

ብሎኖች በየዕቃቸው ከረጢት ይገቡና ስማቸው ይጻፍባቸዋል። ሳጥኑ ላይ ደግሞ ዕቃው የተፈታበትን ቀንና የዚያን ዕለት የተነዳውን ማይል እጽፋለሁ፤ ገዢ ሲመጣ ማርሚታው ስድስት ሺህ ማይል ብቻ የሠራ መሆኑን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳየዋለሁ።